ከማጫወቻው ጀርባ ያሉ መውጫዎች፦ ዲጂታል ወይስ አናሎግ?

ጥሩ የሚባል የቤት ውስጥ ሙዚቃ ማጫወቻ ጀርባው ሲታይ ድምፅ የሚወጣበት መስመር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አናሎግ መውጫ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀይና ነጭ ቀለበት ባላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ይታወቃል። ሌላው ዲጂታል መውጫ ነው፤ አጠገቡ «ኮአክሲያል»፣ «ኦፕቲካል»፣ «ዩኤስቢ» ወይም «ኤችዲኤምአይ» የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ብዙ የሲዲ ማጫወቻዎችና የዲሽ ሪሲቨሮች ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ። የትኛው ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይገናኝ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የሻጩ መልስ በአብዛኛው «ዲጂታል ይሻላል» የሚል ነው። የሸክላ ወዳጆች ደግሞ ተቃራኒውን ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን በተሳሳተ ቦታ ላይ ይዘውታል።

ድምፅ በተፈጥሮው አናሎግ ነው። በልደት በዓል በላሊበላ፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት አናት ላይ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር የቆዳው ንዝረት አየሩን ይገፋል፤ መልሶም ይስበዋል። የአየሩ ግፊት ሳይቋረጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ማይክሮፎን ይህን ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ግፊቱ ሲያይል ቮልቱ ያይላል፣ ሲላላም ይላላል። የኤሌክትሪኩ ቅርፅ የአየሩን ቅርፅ ተከትሎ እስከሄደ ድረስ ሲግናሉ አናሎግ ነው። በሸክላ ላይ ይኸው ቅርፅ በቀጭን ቦይ ግድግዳ ላይ ይቀረፃል፤ በካሴት ላይ ደግሞ በክሩ ላይ ባለው የማግኔት ብናኝ ይታተማል። ከስፒከሩ የሚወጣውም ሆነ ጆሮ የሚቀበለው መጨረሻው አናሎግ ነው። ከዚህ የተለየ ድምፅ መስማት የሚችል ጆሮ የለም።

ዲጂታል ቀረጻ ቅርፁን በቁጥር ይመዘግባል። በሲዲ ላይ ቮልቱ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት፣ ማለትም ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘገባል። ግራና ቀኙ ሲደመር በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። ሲዲ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን ሲሆን መለኪያውን የተስማሙበት ሶኒና ፊሊፕስ ናቸው። 44,100 የተመረጠው እንዲሁ አይደለም። አንድን ሞገድ ሙሉ በሙሉ መልሶ ለመሥራት በሞገዱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ ደጋግሞ መለካት በቂ መሆኑ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ ጤናማና ወጣት ከሆነ እስከ 20,000 ኸርዝ አካባቢ ይሰማል። ስለዚህ «ዲጂታል ድምፅ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፣ በመካከሉ የጠፋ ነገር አለ» የሚለው የተለመደ አነጋገር ትክክል አይደለም። ቁጥሮቹ ወደ ኤሌክትሪክ ሲመለሱ በማጣሪያ ውስጥ ስለሚያልፉ የሚወጣው ሞገድ እንደ መጀመሪያው ለስላሳና ያልተቆራረጠ ነው።

የዲጂታል ትልቁ ጥቅም ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ እርሱም በመገልበጥና በማስተላለፍ ላይ። በላስታ ገዳማት የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ የቀድሞው ጸሐፊ «ሀ»ን አጣሞ ቢጽፋት ወይም ቀለሟ ቢደበዝዝ፣ የኋለኛው ጸሐፊ «ሀ» መሆኗን እስከለየ ድረስ አጥርቶ ይጽፋታል፤ ንባቡ አይለወጥም። በዚያው መጽሐፍ ያለው ሐረግና ሥዕል ግን በተገለበጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተለወጠ ይሄዳል፤ ሥዕሉን ማጥራት የሚቻልበት ፊደል የለምና። ዲጂታል ሲግናል እንደ ንባቡ፣ አናሎግ ሲግናል እንደ ሥዕሉ ነው። በኬብል ውስጥ የሚያልፈው አንድና ዜሮ ብቻ ስለሆነ ተቀባዩ መሣሪያ «ይህ አንድ ነው፣ ይህ ዜሮ ነው» ብሎ መለየት ከቻለ በመንገድ ላይ የተጨመረው ጫጫታ ሁሉ ይወድቃል። ሲዲ ላይ ሲሆን ጥበቃው ከዚህም ይሻላል። «ሪድ ሰለሞን» የተባለው የሒሳብ ዘዴ በአቧራ ወይም በጭረት የጠፉ ቢቶችን ከቀሩት አስልቶ ይመልሳል።

የኢትዮጵያ የተቀዳ ሙዚቃ ታሪክ በአብዛኛው የአናሎግ ታሪክ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ላይ ድምፁን በሸክላ ሲያስቀዳ ማይክሮፎን እንኳ አልነበረም፤ ድምፁ በቀንድ መሳይ መለከት ተሰብስቦ መርፌውን በቀጥታ ያንቀሳቅስ ነበር። በኤሌክትሪክ መቅዳት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። የአገሪቱን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የሰጠውን ደንብ ተዳፍሮ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሬከርድስን ሲያቋቁም፣ የዓለማየሁ እሸቴና የሌሎች ዘፋኞች ሥራ በደቂቃ 45 ጊዜ በሚሽከረከሩ ትናንሽ ሸክላዎች ወጣ። አሊ ታንጎ በሚለው ስም ይበልጥ የሚታወቀው አሊ አብደላ ኬይፋም በኬይፋ ሬከርድስ የራሱን ትልቅ ድርሻ አበረከተ። ከዚያ ካሴት መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሸክላን ከገበያ አስወጣው። የእነማሪቱ ለገሰ የወሎ ዜማ በሰፊው ሕዝብ ጆሮ የገባው በካሴት ነው።

ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል። ርካሽና ለመያዝ ቀላል ነው፤ ለጥራት ግን ቀርፋፋ ነው። በዝግታ የሚሄድ ቀጭን ክር ሁልጊዜ የ«ሽሽ» ድምፅ ይዞ ይወጣል። ይህ «ሽሽታ» ሙዚቃ ቤቶች ከካሴት ወደ ካሴት በገለበጡ ቁጥር ይደራረባል። ሦስተኛውና አራተኛው ቅጂ ላይ የጸናጽሉ ጥራት ይጠፋና ከሽሽታው ጋር ይቀላቀላል። ሌላው ችግር ፍጥነት ነው። የቴፑ ሞተር 6 በመቶ ያህል ከፈጠነ ዜማው በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። አምባሰሉ አምባሰል፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀራል፤ ድምፆቹ ሁሉ በእኩል መጠን አብረው ከፍ ስለሚሉ ቅኝቱ አይፈርስም። ይሁን እንጂ ከካሴቱ ጋር ክራሩን አስማምቶ ለመምታት የሚሞክር ሰው ክሮቹን እንደገና መቃኘት ይኖርበታል። ሞተሩ አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲዘገይ ደግሞ ዋሽንቱ የሚይዘው ረጅም ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል። ከእነአምኃ ሬከርድስ አሮጌ ሸክላዎች ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል የተዛወሩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በቡዳ ሙዚክ አማካይነት ማውጣት በጀመረው «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሲዲ ስብስብ ነው።

አናሎግ መውጫዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የሸክላ ማጫወቻ መውጫ ከሁሉ ደካማ ነው፤ ከተለመደው መርፌ የሚወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ሲሆን «ሙቪንግ ኮይል» ከሚባለው ውድ ዓይነት የሚወጣው ደግሞ ከ1 ሚሊቮልት ያነሰ ነው። በተጨማሪም ሸክላ ሲቀረፅ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ይጨመራል። ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረፅ ቦዩ ሰፍቶ ሸክላው ላይ የሚያዘው ዘፈን ያጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ላይ የዋለው «አርአይኤኤ» የተባለው ደንብ ሸክላ ሲጫወት ይህ የተዛባ ሚዛን በምን ያህል እንደሚስተካከል ይወስናል። ስለዚህ ሸክላ ማጫወቻ «ፎኖ» ተብሎ በተጻፈበት መግቢያ ወይም በተለየ የፎኖ ማጉያ በኩል ማለፍ አለበት። በተራው መግቢያ ቢሰካ ድምፁ የሚሰማው በሹክሹክታ ነው፤ ከበሮውም ቆርቆሮ የተመታ ይመስላል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሸክላው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ጥፋቱ የሸክላው አይደለም።

ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ተራ አናሎግ መውጫ እስከ 2 ቮልት ስለሚደርስ በቀጥታ ከአምፕሊፋየር ጋር ይገናኛል። በጣም ውድ በሆኑት መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ሦስት እግር ያለው «ኤክስኤልአር» የሚባል ጃክ ይታከላል። በዚህ ጃክ አንዱ ሲግናል በሁለት ሽቦዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይላካል፤ አምፕሊፋየሩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ይወስዳል። በመንገድ ላይ የገባው ጫጫታ በሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ስለሆነ ተጣፍቶ ይቀራል። በስቱዲዮና ረጅም ኬብል በሚዘረጋባቸው የድምፅ ማጉያ ሥራዎች ላይ የግድ ያስፈልጋል፤ ሳሎን ውስጥ ግን ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩ አንድ ክንድ ተራርቀው ለተቀመጡ ሰዎች ጥቅሙ እምብዛም አይሰማም።

ወደ ዲጂታሉ ስንመጣ ኮአክሲያሉ ከመልኩ ቀይና ነጭ ከሚባለው ጃክ ጋር አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ቀለበት አለው። የሚያልፍበት ግን የቁጥር ምት ስለሆነ 75 ኦም የሆነ ኬብል ይፈልጋል። ተሳስቶ ከአናሎግ መግቢያ ጋር የተሰካ እንደሆነ የሚሰማው ጫጫታ እንጂ ዘፈን አይደለም። ኦፕቲካሉን ቶሺባ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ቁጥሩን በቀይ ብርሃን አድርጎ በቀጭን ፕላስቲክ ክር ውስጥ ያሳልፋል። ሁለቱም የሚሠሩት ሶኒና ፊሊፕስ ባወጡት አንድ ደንብ ነው። የሚይዙትም ሁለት ድምፅ፣ ግራና ቀኝ፣ ሳይጨመቅ ነው፤ ወይም ለፊልም የሚሆነውን የስድስት ስፒከር ድምፅ ተጨምቆ። ስምንት ድምፅ ሳይጨመቅ ማለፍ ካለበት ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል። ከኮምፒውተር ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ዩኤስቢ አለለት።

ብሉቱዝም ዲጂታል ነው፤ ሆኖም ድምፁን ጨምቆ ነው የሚልከው። የተለመደው «ኤስቢሲ» የሚባለው አጨማመቅ በሰከንድ ከ330 ሺህ ቢት በታች ይልካል፤ ይህ ከሲዲው ሩብ ያንሳል። ሶኒ ያወጣው «ኤልዳክ» እስከ 990 ሺህ ይደርሳል። በስልክና በትንሽ ስፒከር ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ ጉዳይ አይደለም። ጥሩ ስፒከር ገዝቶ በብሉቱዝ ብቻ የሚሰማ ሰው ግን ገንዘቡን በከፊል አባክኗል።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ይመጣል። ዲጂታል መውጫን መምረጥ የመቀየሩን ሥራ አያስቀርም፤ ቦታውን ብቻ ይለውጠዋል። ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል «ዳክ» ይባላል። ሲዲ ማጫወቻው በአናሎግ መውጫው ከተገናኘ ሥራውን የሚሠራው በማጫወቻው ውስጥ ያለው ዳክ ነው። በዲጂታል መውጫው ከተገናኘ ደግሞ ቁጥሩ ሳይነካ ይወጣና በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ዳክ ይቀይረዋል። በሁለቱ መካከል ለብቻው የሚሸጥ ዳክ ማስገባትም ይቻላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ዲጂታል ወይስ አናሎግ?» ሳይሆን «ከሁለቱ መሣሪያዎች የተሻለ ዳክ ያለው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። የዚህ መልስ ከታወቀ የመውጫው ምርጫ ራሱን በራሱ ይመልሳል።

በአገራችን ቤቶች በብዛት የሚገኘው ምሳሌ ዲሽ ነው። የላሊበላን የልደት በዓል በኢትዮሳት ከሚተላለፉ ጣቢያዎች የሚከታተል ቤተሰብ ሪሲቨሩን ከጥሩ አምፕሊፋየር ጋር በቀይና ነጭ ጃክ ካገናኘው ዋጋው በቀነሰ ሪሲቨር ውስጥ ያለውን ርካሽ ዳክ ይጠቀማል። በዲጂታሉ ካገናኘው ሥራው ለአምፕሊፋየሩ ይተላለፋል፤ እዚህ ላይ «ዲጂታል ይሻላል» የሚለው ሻጭ ትክክል ነው። ጥሩ ሲዲ ማጫወቻና ተራ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ግን ነገሩ ይገለበጥበታል፤ ለእርሱ አናሎጉ ይበጃል። ይሁን እንጂ በሳተላይት የሚመጣው ድምፅ ከመነሻው የተጨመቀ ስለሆነ የትኛውም መውጫ የጠፋውን አይመልስም።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ወጥመድ አለ። ዘመናዊ የቤት ውስጥ ሲኒማ አምፕሊፋየሮች በአናሎግ የገባላቸውን ድምፅ እንደገና ወደ ቁጥር ይቀይሩታል፤ የክፍሉን ድምፅ የሚያስተካክሉትና ወፍራሙን ለሰብዉፈሩ የሚያከፋፍሉት በቁጥር ነውና። ከዚያ መልሰው ወደ አናሎግ ያወጡታል። ውድ ሲዲ ማጫወቻ ገዝቶ በአናሎግ ያገናኘ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ሦስት ጊዜ አስቀይሯል፤ የማጫወቻው ዳክ ያመጣው ልዩነትም በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። መፍትሔው አምፕሊፋየሩ ላይ «ዳይሬክት» ወይም «ፒዩር ዳይሬክት» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው፤ ከሌለው ደግሞ በዲጂታል ማገናኘት።

ሁለት ጥሩ ዳኮችን የሚለየው ምንድን ነው? ቺፑ ራሱ አይደለም፤ ዛሬ መካከለኛ ዋጋ ያለው ቺፕ እንኳ ጆሮ ከሚለየው በላይ ትክክል ነው። ልዩነቱ ከቺፑ በኋላ ባለው አናሎግ ክፍል፣ በኃይል አቅርቦቱና በሰዓቱ ላይ ነው። ሰዓት የተባለው ልኬቶቹ መቼ ወደ ቮልት እንደሚቀየሩ የሚወስነው ምት ነው። ምቱ ወዲያና ወዲህ ካለ «ጂተር» የሚባል መዛባት ይፈጠራል። በኮአክሲያልና በኦፕቲካል ሰዓቱ ከሲግናሉ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ተቀባዩ ለይቶ ማውጣት አለበት። «አሲንክሮነስ» በሚባለው ዩኤስቢ ግን ሰዓቱን የሚመራው ዳኩ ራሱ ነው። በደንብ በተሠራ መሣሪያ ላይ ጂተር የሚሰማ ችግር መሆኑ ካቆመ ቆይቷል፤ በማስታወቂያ ላይ ግን አሁንም ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ይሸጣል። ለዲጂታል ግንኙነት በብዙ ሺህ ብር የሚሸጥ ኬብልም እንደዚሁ ነው፦ ቢቱ ደርሷል ወይም አልደረሰም፤ ካልደረሰ ድምፁ ይቆራረጣል እንጂ «ሞቅ ያለ» ወይም «ቀዝቃዛ» አይሆንም።

ከሲዲ በላይ የሆኑት 24 ቢት ፋይሎች ምን ያህል እንደሚሰሙም ተፈትኗል። በ16 ቢት ከጸጥተኛው እስከ ኃይለኛው ድምፅ ያለው ርቀት 96 ዴሲቤል ነው፤ በ24 ቢት በሒሳብ 144 ይደርሳል። ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን በቦስተን አካባቢ አድማጮችን አሰባስበው ከፍተኛ ጥራት ያለውን ድምፅ በሲዲ ደረጃ አሳልፈው አወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ውጤት ከ554 ሙከራዎች ትክክለኛ መልስ የተገኘው በ276ቱ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። ጆሽዋ ሪስ የተባለው የለንደን ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ ስምንት ጥናቶችን ደምሮ ሲያሰላ አድማጮች በ52.3 በመቶ ትክክል መሆናቸውን አገኘ። ልዩነቱ አለ፤ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ የሚለዩትም በአብዛኛው የሠለጠኑ ጆሮዎች ናቸው። ቤት ውስጥ ለሚሰማ ሰው ከ16 ወደ 24 ቢት ከመሄድ ይልቅ ከተጨመቀ ፋይል ወደ ሲዲ መመለስ የበለጠ ይጠቅመዋል።

በላስታ ደጋና በመላው ኢትዮጵያ የሚያጋጥመው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ለምርጫው የራሱን ሚዛን ይጨምራል። የአገሪቱ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የዲሽ ኬብል ከጣሪያ ላይ ወደ ሪሲቨሩ ይወርዳል፤ ሪሲቨሩ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በቀይና ነጭ ጃክ ሲገናኝ፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በሌላ ሶኬት ሲሰካ የመሬት መስመሩ ክብ ይሠራል። በዚያ ክብ ውስጥ የሚዞረው የ50 ኸርዝ ሞገድ በስፒከሩ ወፍራም ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማል። ብዙ ቤት ውስጥ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሲሰካ ጉርምርምታው ይቀንሳል። ኦፕቲካል ግን ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ በፕላስቲክ ክር ኤሌክትሪክ አያልፍምና። ይህ ከድምፅ ጥራት ክርክሩ ሁሉ ይልቅ ለተራ አድማጭ ኦፕቲካልን የሚያስመርጥ ምክንያት ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚፈጠረውን የቮልት ዝላይ ለመከላከል ስታብላይዘር ያስፈልጋል፤ መብረቅ በሚበዛበት ክረምት ደግሞ የዲሹን ገመድ መንቀል ከማንኛውም መከላከያ ይበልጣል።

ክፍሉ ራሱ ከመውጫው በላይ ድምፁን ይለውጣል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ ሳሎን እያንዳንዱን ድምፅ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመልሳል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ ዳክ ከመለወጥ የበለጠ ያስተካክሉታል። በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ 16 ቢትንና 24 ቢትን ለመለየት የሚሞክር ሰው ጊዜውን ነው የሚያጠፋው።

ሁለት መውጫዎችን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ድምፃቸውን አስቀድሞ እኩል ማድረግ አለበት። ትንሽ ጮኽ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ቀጥሎ የሚያውቀውን ሙዚቃ ይምረጥ። በገና ጥሩ ፈተና ነው፦ በእያንዳንዱ ክርና በመቀመጫው መካከል ያለው የቆዳ እንዝራ ክሩን እንዲነዝር ያደርገዋል፤ ከወፍራሙ ድምፅ ጋር ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ። አለሙ አጋ በ«ኢትዮፒክስ» 11ኛ ሲዲ ላይ የደረደረውን በጥሩ ሲስተም የሚሰማ ሰው ንዝረቱን ከክሩ ለይቶ ይሰማዋል፤ በደካማው ግን አንድ ጭጋግ ይሆንበታል። ጸናጽል ብዙ ለተጨመቀ ፋይል ጠላት ነው፤ የብረቱ ቅጭልጭልታ ወደ «ሽሽታ» ይለወጣል። ከበሮ ደግሞ የስፒከሩንና የአምፕሊፋየሩን አቅም ይፈትናል። በዓለት በተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ውስጥ የተቀዳ ዜማ ሲያልቅ የሚከተለው የድምፅ ጅራት የት እንደሚጠፋ ማዳመጥም ይጠቅማል። ካሴት ላይ በሽሽታው ውስጥ ይሰጥማል፤ ሲዲ ላይ እስከ ጸጥታው ድረስ ይሄዳል።

እንግዲህ ገንዘብ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ስፒከር፣ ከዚያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየር፣ በመጨረሻ ዳክ። ሸክላና ካሴት ለሚሰማ ሰው አናሎጉ የግድ ነው። ሲዲ፣ ፋይልና ዲሽ ለሚሰማ ሰው የተሻለው ዳክ ወዳለበት መሣሪያ የሚወስደው መውጫ ይበጃል፤ የቱ እንደሚሻል ካልታወቀና ጉርምርምታ ካለ ኦፕቲካል።

አንድ ሥራ ግን አናሎግ መውጫ ብቻ ሊሠራው ይችላል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የበዓልና የዘፈን ካሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ሌላ ቅጂ የላቸውም። የማግኔቱ ብናኝ እየረገፈ፣ የሚያጫውታቸው ቴፕም እየጠፋ ነው። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል አጽድቶ፣ «ላይን አውት» ከሚለው አናሎግ መውጫ በዩኤስቢ የድምፅ መቅጃ በኩል ወደ ኮምፒውተር በ24 ቢትና በ48,000 ልኬት መቅዳት፣ ፋይሉንም በ«ዌቭ» ወይም ሳይቀንስ በሚጨምቀው «ፍላክ» ማስቀመጥ በቂ ነው። ኤምፒ3 ለስልክ ይሁን፤ ለማኅደር አይሆንም። ፋይሉ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይቀመጥ፤ ዋናው ካሴትም አይጣል። ሥራው የሚወስደው ጊዜ ካሴቱ የሚጫወትበትን ያህል ብቻ ነው፤ ካሴት ያለው ቤተሰብ ቴፑ ሳይጠፋ ቢጀምረው ይሻላል።